የሌለችው ቃል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 — ከቀኑ 9 ሰዓት

Z ያለባቸው ባለ አራት ፊደል ቃላት። zero, lazy, size, quiz። እስካሁን ሠላሳ አንድ ለቅሜያለሁ። ገበያው ቀዝቅዟል። ት/ቤት ከተከፈተ ወር ሊሆነው ነው፤ ደብተር የሚገዛው ገዝቷል። ባንኮኒዬ ላይ ተደፍቼ ፊደል እቆጥራለሁ።

ደብተሬ፣ ዛሬ የምነግርሽ ግን የZን ነገር አይደለም።

ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተራ ወረድኩ፤ ወራቤ ላለው ደንበኛዬ እስክሪብቶ በካርቶን ላስጭን። ስመለስ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰውዬ አየሁ። ከመዝገበ ቃላቱና ከመንጃ ፈቃድ ጥያቄዎቹ መሀል አንዲት ስስ ቢጫ መጽሐፍ። "ፊደል ይዞ ቃል ፍለጋ" ትላለች። ለእንግሊዝኛ የቃል ጨዋታ የምትሆን። የኔዋ፣ ራሴ ያሳተምኳት፣ አረንጓዴ ናት፤ "ቃል በፊደል" ነው ስሟ። ሥራው ግን ያው ነው፤ ፊደሉን ትሰጪያለሽ፣ ፊደሉ ያለበትን ቃል ታገኚያለሽ። አነሣኋት። X ያለባቸው ቃላት፣ ልክ እኔ በደረደርኩበት ተራ። አንዱን ቃል ባለፈው ዓመት በስህተት ሁለት ጊዜ ጽፌው ነበር። እሷም ላይ ሁለት ጊዜ ነው።

እሱን እንኳ ልተወው። የታተመ ነገር ማንም ይገለብጣል፤ መርካቶ ነው ያለነው። የደነገጥኩት የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ ነው። U የማትከተላት Q። suq, qat, qadi, qi። ይሄ ምዕራፍ አልታተመም። ለሁለተኛው መጽሐፍ ያዘጋጀሁት ነው። ገና ማተሚያ ቤት አልገባም።

ከፍዬ ወሰድኳት። የገዛ ሥራዬን ቦርሳ ውስጥ ደብቄ ገባሁ፣ እንደሰረቀ ሰው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 — ጠዋት 2፡30

ሱቅ ቶሎ ከፈትኩ። ቢጫዋንና የኔን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ፣ ማስመሪያ እያስኬድኩ አየሁ። ቃል በቃል።

ያን ምዕራፍ ያየው ማነው? እኔ። ባሌ ከድር። እሱ Qን ከO አይለይም፤ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ነው የሚሸጠው፣ የኔን ወረቀት ለመጠቅለያ ካልሆነ አይፈልገውም። ከዚያ ጋሼ ወልዴ። ከዚያ ትዕግሥት።

ጋሼ ወልዴን እንተዋቸው። ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እሁድ ከሰዓት ገበያው ሲዘጋ እዚሁ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሻይ ቤት እንሰበሰባለን፤ ፊደል የተጻፈባቸውን የፕላስቲክ ጠጠሮች እየደረደርን ቃል እንሠራለን። ዳኛችን እሳቸው ናቸው። መጽሐፏም ከዚያ ነው የመጣችው። እንዳልሸነፍ ብዬ ቃል መልቀም ጀመርኩ፣ ደብተር የሚገዙኝ ተማሪዎች አይተው ፈለጉት፣ አሳተምኩት። እያንዳንዱን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ያረሙልኝ ጋሼ ወልዴ ናቸው። የQን ምዕራፍ ሳሳያቸው qadi የሚለውን አላወቁትም ነበር። ቃዲ ነው፣ የሸሪዓ ዳኛ፣ አልኳቸው። መዝገበ ቃላታቸውን ገልጠው አገኙት። "ዛሬ አንቺ አስተማርሽኝ" ብለው ደስ አላቸው። እኚህ ሰው አይሰርቁም።

ትዕግሥት ቀረች። ከኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ እትዬ ሙሉ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት የምትሠራ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ። በእጄ የምጽፈውን ሁሉ የምትተይበው እሷ ናት። ፋይሉ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ዝምተኛ ናት። በጣም ዝምተኛ። እስከ ዛሬ ጨዋነት ነበር የምለው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6 — 11 ሰዓት

ዙህር ሰግጄ ስነሣ መጣልኝ። ወጥመድ።

አዲስ ምዕራፍ በእጄ ጻፍኩ፦ J እና K አብረው ያሉባቸው ቃላት። joke, jerk, junk, jackal, hijack። ከjunk እና ከjackal መሀል ከራሴ የፈጠርኳት አንዲት ቃል አስገባሁ። jankel። እንዲህ የሚባል ቃል የለም። ሁለት መዝገበ ቃላት አገላብጫለሁ፣ ስልኬ ላይም ፈልጌያለሁ፣ የለም። ግን ቃል ትመስላለች። የሆነ የዕቃ ስም፣ ወይም የሆነ አውሬ። ቢጫዋ መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ካወጣችና jankel ከተገኘችባት፣ በቃ፣ የወጣው ከትዕግሥት ኮምፒውተር ነው።

ወስጄ ሰጠኋት። ዐይን ዐይኗን እያየሁ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቅዳሜ ይደርሳል አለች።

ለምን ቆም አለች?

ከድር ይሄን ስነግረው ሳቀ። ዝም ብለሽ ለምን አትጠይቂያትም አለ። ጠይቄያት ብትክድስ? ያን ጊዜ መጠርጠሬን ታውቃለች፣ ትጠነቀቃለች። እሱ ይሄ አይገባውም። ሰው የሚነግረውን ያምናል። ሃያ ዓመት እንዴት እንደነገደ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 — 10 ሰዓት

አውቶቡስ ተራ ተመለስኩ። ያ መጽሐፍ ሻጭ። ቢጫዋን ከየት እንደሚያመጣት ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። ከጭድ ተራ በኩል ያደርሱልናል አለ። ማነው የሚያደርሰው? ሰዎች። ሴት ናት ወንድ? አየኝ። እጄ ላይ ያለውን ቦርሳ አየ፣ ጫማዬን አየ። ደንብ አስከባሪ መሰልኩት። ላስቲኩን በአራት ጫፉ ሰብስቦ፣ መጽሐፎቹን እንዳሉ ተሸክሞ ሄደ። እኔ እሱን ስጠረጥር እሱ እኔን ጠረጠረ።

ከሰዓት ት. የተየበችውን ወሰድኩ። ስሟን ማሳጠር ጀምሬያለሁ፤ ደብተሬ፣ አንቺንም ሰው ካነበበሽ ብዬ። jankel በቦታዋ ተቀምጣለች፣ አንድም ፊደል አልተዛነፈች።

እዚያው ቆሜ ስልኳን ስንት ጊዜ እንዳነሣች ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ። አንዱን በሹክሹክታ ነው ያወራችው።

እሁድ፣ ጥቅምት 9 — ከቀኑ 11 ሰዓት

የJ እና የKን ገጽ ለጋሼ ወልዴ እንዲያርሙ ሰጠኋቸው፣ እንደ ሁልጊዜው። ስለ ወጥመዱ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ይቆጡኛል።

ጨዋታው ላይ ሐሳቤ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተራዬን አሳለፍኩ። ከዚያ በድሩ፣ ቆርቆሮ ነጋዴው፣ ከእኛ ሁሉ ደካማው፣ ሦስት ፊደል ካገኘ የሚደሰተው በድሩ፣ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አስቀመጠና qadi ሠራ።

ከየት አመጣሃት አልኩት፣ ድምፄን አለስልሼ። ከጃኬቱ ኪስ ቢጫዋን መጽሐፍ መዘዘ። አውቶቡስ ተራ ገዛኋት አለ፤ ካንቺዋ ትሻላለች፣ ፊደሉ ተለቅ ተለቅ ያለ ነው። ሰው ሳቀ። ጋሼ ወልዴ አልሳቁም። ጠጠር የያዘውን ከረጢት እየነቀነቁ፣ ሳያስፈልግ እየነቀነቁ፣ ወደ መስኮቱ ያዩ ነበር። ለኔ አዝነው ነው አልኩ በልቤ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 — 5 ሰዓት

ጋሼ ወልዴ እርማቱን ራሳቸው ይዘው መጡ። ደረጃው ከብዷቸዋል፤ እንደገቡ ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

jankelን በቀይ ሰርዘዋታል። ሁለት መስመር፣ ቀጥ ያለ። ከጎኗ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው፣ kopje። እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ኮረብታ ማለት ነው አሉኝ፤ ከደቡብ አፍሪካ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። J አላት፣ K አላት፣ ተጫዋች ሁሉ ይረሳታል። ሲናገሩ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ እንደነበረው ሆነ። ጠመኔ የያዙ መሰለኝ።

ስለ jankel ጠየቁኝ። ከየት አመጣሻት? የትየባ ስህተት ነው አልኩ። ት. ላይ አላከክሁ። ምንም አልመሰለኝም።

አሁን እንዲህ ነው፦ ት. ኮምፒውተር ውስጥ ያለው jankel ያለበት ገጽ ነው። እርማቱን አልሰጠኋትም፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌዋለሁ። kopjeን የምናውቃት እኔና ጋሼ ወልዴ ብቻ ነን። እጠብቃለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14 — ከቀኑ 10 ሰዓት

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበ ይቅር በዪኝ።

ከጁምዓ በኋላ ወደ ላይ ወጣሁ። ኮሪደሩ ሞልቷል። ት. በሩ ላይ ቆማ ለአንድ ወጣት ፍላሽ ስታቀብለው ደረስኩ። ቶሎ ኪሱ ከተተው። ወረደ፣ በአጠገቤ አልፎ። እሷ እኔን ስታይ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ነው ያነደደኝ።

የተናገርኩትን ሁሉ አላስታውስም። ሌባ ማለቴን አስታውሳለሁ። ስንት ጊዜ እንዳልኩት ግን እንጃ። ጫማ ሻጮቹ ወጡ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቆሙ፣ ደረጃ ላይ ጭነት የያዙት ተሸካሚዎች እንኳ ጭነታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አዳመጡ።

"ምን ወሰድኩብዎ፣ እትዬ ራሕመት?" አለች። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሥራዬን፣ አልኳት። ለማን እንደምትሰጪ አውቃለሁ።

እትዬ ሙሉ ወጣች፤ ነገሩን ከኔ አፍ ሰማች። ሰው ጽሑፉን አምኖ የሚሰጠኝ ቤት ነው አለች፤ ይሄ ከተወራ ማን ይመጣልኛል? ት. ጃኬቷን ከወንበሩ ላይ አነሣች፣ የሻይ ኩባያዋን በፌስታል ጠቀለለች፣ ወረደች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ለጭነት እንደሚለቀቅ።

ከድር ሸማ ተራ ድረስ ሰምቶ መጣ። ማስረጃ አለሽ ወይ ነው ያለኝ። ይመጣል አልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17 — 4፡30

ፍላሽ የወሰደው ወጣት እትዬ ሙሉ ጋ ተመልሶ መጣ። ፍላሹ ላይ ያለው የሠርግ ካርድ ጽሑፍ ነው። የሙሽራዋ አባት ስም ተሳስቶ ሊያስተካክል ነው። እትዬ ሙሉ ጠርታ ከፍታ አሳየችኝ። ሁለት ቀለበት፣ አበባ፣ ወሩ ጥር።

ሠርጉ ጥር ከሆነ በጥቅምት ካርድ የሚያስጽፍ ማነው? ደግሞስ ፍላሽ ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ ነው የሚኖረው? ይሄንኑ አልኳት። እትዬ ሙሉ አየችኝ። ልጁም አየኝ። ሠርጉ የእህቱ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ሳይጨናነቅ ቶሎ ማሳተም ፈልጎ ነው አለ። ለምን ያስረዳኛል? ማን ጠየቀው?

ትንሽ ነገር ቆረቆረኝ። ትንሽ ናት። jankel ትፈርዳለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21 — 9 ሰዓት

V እና W አብረው ያሉባቸው ቃላት። view, wave, weave... አይሄድልኝም። ድሮ ፊደል ሳይ ቃሉ ራሱ ይመጣ ነበር። አሁን እያንዳንዱን ስጽፍ ይሄንንስ ማን ያየዋል እላለሁ። በር ላይ ሰው ሲቆም ወረቀቱን በመዳፌ እሸፍናለሁ። ትናንት አንዲት እናት እርሳስ ልትገዛ መጥታ ምን እየደበቅሽ ነው አለችኝ፣ እየሳቀች። አልሳቅኩም።

እትዬ ሙሉ አዲስ ጸሐፊ ቀጥራለች። ፈጣን ናት፤ ግን ከአሥር ቃል ሦስቱን ትስታለች። ት. አትስትም ነበር።

ጋሼ ወልዴ ያለፈው እሁድ አልመጡም። እግሬን አሞኛል ብለው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26 — 4 ሰዓት

ወጥታለች። ክፍል ሁለት። ያመጣልኝ በድሩ ነው፣ ሊያሾፍብኝ። እስኪሄድ ጠበቅሁ። በሩን ገርበብ አደረግሁ።

የJ እና የK ገጽ። joke። jerk። junk። ከዚያ kopje። ከዚያ jackal።

jankel የለችም።

ደግሜ አየሁ። ቀጣዩን ገጽ፣ ያለፈውን ገጽ። ቦታ ቀይራ እንደሁ ብዬ ሙሉ መጽሐፏን በጣቴ እየተከተልኩ ጨረስኩ። የለችም። እሷ በነበረችበት ቦታ kopje ተቀምጣለች።

መሳቢያዬን ከፈትኩ። እንደተቆለፈ ነው የቆየው። የእርማቱ ወረቀት እዚያው አለ፣ ቀዩ መስመር፣ ሁሉም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27 — ጠዋት 3 ሰዓት

አንድ ሰው መሳቢያዬን ከፍቷል። ከድር ትርፍ ቁልፍ አለው። ጠየቅኩት። ሻዩን አስቀመጠ።

"አሁን ደግሞ እኔ ነኝ?" አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ሌላ መንገድ ልፈልግ። ት. ጭራሽ የለሁበትም ለማለት jankelን አውጥታ ሌላ ቃል ተክታ ይሆናል። ግን ከስንት ቃል መሀል ያቺን? እኔ እንኳ የማላውቃትን? እዚያው ቦታ ላይ?

አይሆንም።

ደብተሬ፣ እኔ እኮ ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ገበያ መሀል ሲሄዱ ታፔላ ላይ የተሳሳተ እንግሊዝኛ ካዩ ገብተው ለባለሱቁ ሳይነግሩ አያልፉም። አንዱ ጋራዥ ባለቤት በዚህ ተጣልቷቸዋል። የተሳሳተ ቃል በእጃቸው አልፎ እንዲሄድ አይፈቅዱም። ሲሰርቁም እንኳ።

ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ልሰርዛት ነበር። ትቆይ።

እሁድ፣ ጥቅምት 30 — ከቀኑ 11፡30

ጨዋታ አልሄድኩም። ቤታቸው ሄድኩ። ከጭድ ተራ ወረድ ብሎ ያለች አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት። ሙዝ ይዤ። ልወቅሰው የምሄድበት ሰው ቤት ሙዝ ምን ያደርጋል? ባዶ እጄን መግባት አልቻልኩም።

ብቻቸውን ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እግራቸው እውነትም አብጧል። ተቀመጪ አሉኝ። ቢጫዋን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩ፤ ጣቴን kopje ላይ አደረግሁ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፣ አዩ፣ መልሰው አወለቁ።

"እሷን ማንም አያገኛትም" አሉ። "እኔም ስንት ዓመት ካነበብኩ በኋላ ነው ያገኘኋት።"

አልካዱም። ጭድ ተራ ማባዣ መኪና ያለው የድሮ ተማሪያቸው ነው። ገጾቹን ለሱ ሰጡት። አንድ ብር አልተቀበልኩም አሉ። አምናቸዋለሁ። ወይ ማመን ፈልጌ ነው፣ እንጃ። ተማሪው ቃል የገባላቸው ሌላ ነው፦ ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ሽፋኑ ላይ "በመምህር ወልዴ" ተብሎ ይጻፋል።

"አንቺን ጠይቄሽ ነበር" አሉ።

መቼ? አልኳቸው።

"የመጀመሪያዋ ስትታተም። ሽፋኑ ላይ ምን ትጽፊያለሽ አልኩሽ። አዘጋጅ ራሕመት፣ አልሽኝ። መልካም አልኩና ሄድኩ።"

አስታወስኩት። ሱቄ በር ላይ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ዕቃ ገብቶልኝ ካርቶን እየከፈትኩ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

"አርባ ዓመት ሊሞላ እስኪል አስተማርኩ" አሉ። "ስሜ የተጻፈበት ነገር የጡረታ ደብተሬ ብቻ ነው።"

ተናደድኩ። አዘንኩ። እንደገና ተናደድኩ። በቀጥታ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? መምህር ናቸው፣ እኔ ተማሪያቸው ነኝ፤ እንዴት ነው መምህር ተማሪውን የሚለምነው? ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አሰብኩ። ከዚያ ት. ትዝ አለችኝ። በሷ ላይ የሆነውን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሰምቻለሁ አሉ። በበነጋው ነው የሰሙት።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

እግራቸውን አስተካከሉ።

"አንቺ እርግጠኛ ነበርሽ" አሉ።

ሙዙን ትቼላቸው ወጣሁ። ደህና ይሁኑም አላልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 — 8 ሰዓት

ት. የት እንዳለች የነገረኝ ከድር ነው። ሰሞኑን ከኔ ጋር ብዙ አያወራም፤ ይሄን ግን ነገረኝ። ሸማ ተራ፣ ከሱ ሱቅ አራት በር ወዲያ፣ አክስቷ ዘንድ ነጠላ ትቋጫለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይላታል። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ምን ልታደርጊያት ብዬ አለኝ።

ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። የነጠላውን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ክሩን በመዳፏ ታከራለች። አየችኝ፤ እጇ አልቆመም። አክስቷ ለደንበኛ የሚሰጠውን ወንበር ሰጠችኝ፤ ደንበኛ አለመሆኔን ስታውቅ ወደ ውስጥ ገባች።

ነገርኳት። አንቺ አይደለሽም፣ ተሳስቼ ነው፣ አሁን አውቄያለሁ። ማን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ስለ ወጥመዱም ነገርኳት። jankel የሚባል ቃል የለም፣ አንቺን ለመያዝ የፈጠርኳት ናት።

"እንደሌለች አውቄያለሁ" አለች። "ያን ቀን ሲሰጡኝ ነው የጠረጠርኳት። በኋላ ስልኬ ላይ ፈለግኋት፣ የለችም።"

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

"ባለፈው ዓመት አንድ ስህተት አይቼ ስነግርዎ፣ አንቺ ጻፊ እንጂ አታንብቢ አሉኝ።"

ማለቴን አላስታውስም። ግን እኔ የምለው ዓይነት ነው። ድምፄን ሁሉ ሰማሁት።

እትዬ ሙሉን ለምኜ ሥራሽን አስመልስልሻለሁ አልኳት። አዲሷ ትስታለች፣ እትዬ ሙሉም ሳትጸጸት አትቀርም። ት. ክሩን በጥሳ አዲስ ያዘች።

"ሥራው አይደለም" አለች። "እዚያ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሌባ ሲሉኝ ሰምቷል። እናቴ ገበያ ስትወጣ በዚያ በር ነበር የምታልፈው፤ አሁን ዞራ ነው የምትሄደው። እዚህ ድረስ መጥተው ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እዚህ የሰማው ማነው? እኔና አክስቴ።"

ነጠላው ያምራል አልኳት። እንደዚያ ነው ያልኩት።

ስመለስ መንገድ ላይ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ፣ ላንቺ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ። እህል በረንዳ አጠገብ ጤፍ የጫነ መኪና መንገድ ዘግቶ ስጠብቅ፣ ይሄን ንግግር አክስቷ አስጠንታት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሰው ፊት አዋርዳ ካሳ ልትጠይቀኝ አስባ ይሆን ብዬ። እንዲህ ቆሜ ሳስብ መኪናው አልፎ ሰው ከኋላዬ ዞር በዪ እያለ ሲጮህ ነው የነቃሁት። ወላሂ፣ ራሴን ፈራሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3 — ጠዋት 3፡40

ወስኛለሁ።

ትናንት ከድር ጋር ተነጋገርን። ረጅም ነበር። ስለ መሳቢያው ቁልፍ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሺ አለ፣ ግን ዐይኔን ሳያይ ነው። ት. ያለችውን ነገርኩት። ሕንፃው ውስጥ ሰው ሰብስበሽ አልሰረቀችም ብትዪ፣ ማን ነው ታዲያ ይሉሻል አለኝ። አስቤበታለሁ። የጋሼ ወልዴን ስም አላወጣም። ይቅር ስላልኳቸው አይደለም፤ ገና አላልኳቸውም፣ እንደምልም አላውቅም። ግን አንድ ሰው ሰው ፊት አዋርጄ አይቼዋለሁ። አሁን እርግጠኛ ብሆንም አልደግመውም።

ታዲያ ምን ትያለሽ አለኝ። ተሳስቻለሁ እላለሁ። ይሄ ብቻ ከሆነ፣ አለ፣ ሰው ወይ ጉቦ በልታለች ይላል ወይ አብዳለች ይላል። ነገ ዕቃሽ ቢጠፋ እንኳ ጠፋብኝ ብትዪ የሚያምንሽ አታገኚም። ይሆናል አልኩት። ከዚያ፣ እኔ ሄጄ ልጥራት አለ። እንዲህ ሲለኝ ነው ዐይኔን ያየው።

ስለ ሁለተኛዋ መጽሐፍ ሽፋን አልወሰንኩም። አንዴ ስማቸውን እጽፈዋለሁ እላለሁ፣ አንዴ አንጀቴ ይቃጠላል። የተየበችውስ? የሷን ስም ማን አሰበው? ይቆይ፤ ይሄ በአንድ ጠዋት አያልቅም።

ያኛው ግን ዛሬ ነው። 4 ሰዓት። ጫማ ሻጮቹ በራቸውን ከፍተዋል፤ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸው ይጮሃል፣ እንዲያቆሙ እለምናቸዋለሁ። እትዬ ሙሉ ወንበሯን በር ላይ አውጥታለች፤ እንድትቆይልኝ ነግሬያታለሁ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። የምቆመው ደረጃው መሀል ነው፣ ላይም ታችም እንዲሰማ። መጀመሪያ ስሟን እጠራለሁ። ትዕግሥት ብዬ። ከዚያ ያን ዓርብ የተናገርኩትን ቃል ራሴ እደግመዋለሁ፣ ውሸት ነበር እላለሁ።

ትመጣ አትመጣ አላውቅም። ብትቀርም እናገራለሁ፤ ባትሰማውም የሚሰሙት አሉ። ምናልባት ባትመጣ ይቀለኝ...

ከድር ደወለ። በሩ ላይ ቆማለች አለ። እናቷን ይዛ ነው የመጣችው።

ልሂድ።